የሂክሰን እግሮች፦ ብረትና ሩጫ የተሻሙበት ጉዳይ

እኔ በምሰራበት ጂም ትሬድሚሎቹ፣ የመሮጫ ማሽኖቹ፣ መስኮቱ ስር ተደርድረዋል። ጠዋት ጠዋት የሚሄዱባቸው ሐኪም «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ይንቀሳቀሱ» ያላቸው አባቶች ናቸው። ማታ ደግሞ ቦርጭ ለማጥፋት የመጡ ሰዎች ተራ ይጠብቁባቸዋል። ብረት የሚሰራው ልጅ ግን ዞር ብሎም አያያቸውም። ለምን ብትሉት መልሱ አፉ ላይ ነው። «ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል።» ካርዲዮ የሚለው እንደ ሩጫና ብስክሌት ያለውን የትንፋሽ ልምምድ ነው።

እኔም እንደዚያ እል ነበር። ያሰለጠነኝ ሰው ነው የነገረኝ። እሱም ካሰለጠነው ሰው ነው የሰማው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳልሮጥ ብረት ሰራሁ። ስኳቴ፣ ማለትም ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ቁጢጥ ብዬ የምነሳው ብረት፣ ጨመረ፤ ትከሻዬ ሰፋ፣ ሸሚዞቼ ጠበቡኝ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሊፍት ቆመና አምስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ለሰላምታ እንኳን ድምፅ አጣሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታ ነበር። ያን ቀን በእውነት ደነገጥኩ። ጉልበት አለኝ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ያ አባባል ከየት እንደመጣ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወሬው ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ግንዱ ግን አንድ ቦታ ያደርሳል፦ አንድ ተመራማሪ፣ አንድ መናፈሻ፣ ቀጥሎም የ10 ሳምንት ሙከራ። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ላቅርበው። ዝርዝሩን ሳየው እኔ ራሴ የማወራው ነገር ተቀይሯልና። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፎረስት ፓርክ

ሮበርት ሂክሰን ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው ነበር፤ ፓወርሊፍተር። ሙያው ደግሞ የስፖርት ፊዚዮሎጂ ነው። በ1970ዎቹ ለምርምር ሥራ ወደ አሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ሄደ። የገባው ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በጆን ሆሎዚ ቤተ ሙከራ ነው።

ሆሎዚን በዚህ ሙያ የማያውቅ የለም። በ1967 ባሳተመው ሥራ አይጦችን በትሬድሚል አሩጦ ጡንቻቸውን መረመረ። ማይቶኮንድሪያቸው በኦክስጅን ኃይል የማምረት አቅሙ በእጥፍ ያህል ጨምሮ አገኘው። ማይቶኮንድሪያ ማለት ሕዋስ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የኃይል ማምረቻዎች ናቸው። ሩጫ ልብንና ሳንባን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውን ራሱን እንደሚቀይር ዓለም በደንብ የተረዳው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው።

ሆሎዚ ራሱም ሯጭ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ፎረስት ፓርክ ይሮጣል። አዲስ የመጣው ሂክሰንም ከአለቃው ጋር መሮጥ ጀመረ። ብረቱን አልተወም። እንደ ወትሮው ያነሳል፣ በዚያ ላይ ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር አየ። ጡንቻው እየቀነሰ ነው።

ሄዶ ለሆሎዚ ነገረው። የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ እንደሚያወሩት፣ ሆሎዚ «የራስህን ቤተ ሙከራ ስትከፍት የመጀመሪያ ጥናትህ ይህ ይሁን» አለው።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ጂም ውስጥ ሁላችንም በሰውነታችን ላይ የሆነ ነገር እናያለን። ያየነውን ግን በማግስቱ ሕግ እናደርገዋለን። «እንትን በላሁ፣ አበጠኝ፤ እንትን ሰራሁ፣ ቀነስኩ።» ሂክሰን ያየውን ይዞ ጥያቄ አደረገው። መልሱንም በራሱ እግር ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሰዎች እግር ላይ ሊፈትነው ተነሳ።

አሥሩ ሳምንታት

ሂክሰን በኋላ ቺካጎ ሄዶ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሥራ ጀመረ። ጥናቱ በ1980 ታተመ። ተሳታፊዎቹ 23 ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በሦስት ቡድን ተከፈሉ።

አንደኛው ቡድን ብረት ብቻ ሰራ። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ሁሉም የእግር ሥራ። በሦስቱ ቀናት ስኳት 5 ዙር፣ በየዙሩ 5 ጊዜ፤ ከዚያ ጉልበትን በማሽን ማጠፍና መዘርጋት። በሁለቱ ቀናት ደግሞ ሌግ ፕሬስ (ክብደትን በእግር መግፋት) እና የባት ሥራ። የሚያነሱት ክብደት ሁልጊዜ የሚችሉትን ያህል ከባድ ነው። ጉልበት ሲጨምር ክብደቱም ይጨምራል።

ሁለተኛው ቡድን የትንፋሽ ልምምድ ብቻ ሰራ። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ገደማ። ሦስቱን ቀን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ናቸው። አምስት አምስት ደቂቃ እስከ አቅማቸው ጫፍ ድረስ ይጋልባሉ፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ ይላሉ፣ ይህን ስድስት ጊዜ ይደግማሉ። ቀሪዎቹን ሦስት ቀናት ይሮጣሉ። ሩጫው ሶምሶማ እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት 30 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 35፣ ከዚያ በኋላ 40 ደቂቃ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው።

ሦስተኛው ቡድን ሁለቱንም ሰራ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ወስዶ ሳይሆን የብረቱን ሙሉ ፕሮግራም ከነሩጫውና ከነብስክሌቱ። ሁለቱም ሙሉ።

እስቲ ይህን ሳምንት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሰኞ ከባድ ስኳት አለ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ልብ እስኪፈነዳ ብስክሌት። ማክሰኞም ብረት፣ ማክሰኞም 40 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 5 የብረት ልምምድ፣ 6 የትንፋሽ ልምምድ፣ በድምሩ 11። ሁሉም በአንድ ጥንድ እግር ላይ። ቀለል ያለ ቀን የሚባል ነገር የለም። እኔ ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ቆየሁ። በሕይወቴ ይህን ያህል የሚሰራ ሰው ጂም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ብረት ብቻ የሰሩት ሰዎች የእግር ጉልበት ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ሳምንት ሳያቋርጥ ጨመረ። ስኳታቸው 44 በመቶ ከፍ አለ። ሁለቱንም የሰሩት ሰዎች መጨረሻ ላይ የያዙት ጭማሪ 25 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አይካድም። «ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል» የሚለው ወሬ ሳይንስ ነኝ ያለው ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ነው።

ግን የሳምንታቱን መስመር ተከትላችሁ እዩት። እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ የሁለቱ ቡድኖች የጉልበት ዕድገት ተመሳሳይ ነበር። 7 ሳምንት ሙሉ! በሳምንት ስድስት ቀን እስከ ጫፍ እየሮጡና እየጋለቡ ስኳታቸው ከብረት ብቻ ሰሪዎቹ እኩል ሄደ። ከዚያ በኋላ ቆመ። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ሳምንት ወደ ታች ወረደ።

ሌላም ቁጥር አለ፤ ይህን ማንም ጂም ውስጥ አያነሳውም። ሰውነት በከባድ ሥራ ጊዜ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ የትንፋሽ አቅም ጣሪያ በሉት። የትንፋሽ ልምምድ ብቻ የሰሩትም፣ ሁለቱንም የሰሩትም ብስክሌት ላይ ሲለኩ 25 በመቶ ገደማ፣ ትሬድሚል ላይ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ጨምረው ተገኙ። ብረት ሩጫውን ምንም አልጎዳውም። ብረት ብቻ የሰሩትስ? ምንም ጭማሪ የለም። 10 ሳምንት፣ 44 በመቶ ጉልበት፣ ትንፋሽ ግን ባለበት።

እዚህ ላይ ስደርስ አምስተኛው ፎቅ ትዝ አለኝ። የእኔ ሁለት ዓመት ብረት ብቻ በሰሩት ሰዎች ውጤት ላይ ተጽፎ ነበር።

ለምን ቆመ?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የሞለኪውል ታሪክ ነው። ብረት ሲነሳ ጡንቻ ውስጥ ኤም-ቶር የሚባል የመገንቢያ መልእክት ይነቃል። ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ ደግሞ ኃይል መጉደሉን የሚያሳውቅ ኤኤምፒኬ የሚባል ሌላ መልእክት ይነቃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያዳክም ይችላል። በ2005 የታተመ አንድ ሥራ ይህን በአይጥ ጡንቻ ላይ በኤሌክትሪክ ንዝረት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ከሮጥክ መገንቢያው ይጠፋል» እያለ ያስተምራል። የሰው ጡንቻ ግን እንዲህ እንደ መብራት ማብሪያ አይደለም። ሁለቱ መልእክቶች አብረው ሲነቁ ይታያሉ። በተለይ ጀማሪ ሰው ላይ ማንኛውም ልምምድ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያነቃል።

እኔን የሚያሳምነኝ ቀለል ያለው ምክንያት ነው። የደከመ እግር ከባድ ብረት አያነሳም። ትናንት 40 ደቂቃ የሮጠ ሰው ዛሬ የሚያነሳው ክብደት ካነሰ፣ ጡንቻው የሚደርሰው ጫና ያንሳል። ጫና ካነሰ ዕድገት ያንሳል። ሰውነት ለ7 ሳምንት እንደምንም ተሸከመው፤ ከዚያ ድካሙ ከማገገሙ በለጠ። የዘጠነኛውና የአሥረኛው ሳምንት መውረድ ራሱ ይህን ይመስላል። ጡንቻ በዚያ ፍጥነት አይሟሽሽም፤ ድካም ግን በዚያ ፍጥነት ይጠራቀማል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። የጥናቱ ዋና መለኪያ የእግር ጉልበት ነው። ብረቱም ሩጫውም ብስክሌቱም እግር ላይ ነው የወደቀው። ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ክንዱን ሊያሳድግ የሚሰራ ሰው ከዚህ ጥናት ተነስቶ ትሬድሚል የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። የእኛ ጂም ልጆች ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በሳምንት አራት ቀን ደረትና ክንድ ነው የሚሰሩት።

በእኛ አገር ፍርሃቱን የሚያባብሰው ሌላ ነገርም አለ። ሯጭ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የማራቶን ሯጭ ነው። ያ ቀጭን ሰውነት እንደ ማስረጃ ይቀርባል። «አየህ ሩጫ ምን እንደሚያደርግ?» ይሉሃል። እነዚያ ጀግኖች በሳምንት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ሲጀመርም በተፈጥሮ ቀለል ያለ ሰውነት ያላቸው ናቸው ማራቶን ላይ የሚያሸንፉት። በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ሰው ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሂክሰን ራሱ ተመልሶ የጻፈው

ጉዳዩ 1980 ላይ አላበቃም። ሂክሰን በ1988 ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ። ቀድሞውኑ ሩጫና ብስክሌት የለመዱ 8 ሰዎችን ወሰደ። የለመዱትን ሳያቋርጡ በሳምንት 3 ቀን ከባድ የእግር ብረት ለ10 ሳምንት ጨመረላቸው። የእግር ጉልበታቸው በአማካይ 30 በመቶ ገደማ አደገ። የትንፋሽ ጣሪያቸው አልተነካም። ከጣሪያቸው 80 በመቶ በሚያህል ጫና ብስክሌት ላይ መቆየት የሚችሉበት ጊዜ ግን ከ71 ደቂቃ ወደ 85 ደቂቃ ከፍ አለ።

ስለ ሂክሰን ሲወራ ይህ ሁለተኛው ሥራ ለምን እንደሚረሳ አልገባኝም። ያው ሰው፣ ያው 10 ሳምንት፣ ያው የእግር ብረት። ልዩነቱ ሁለት ነገር ነው። ብረቱ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ሩጫውን የለመዱት ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ሸክም አልተጫነባቸውም። ሽሚያው፣ ማለትም ሩጫው የብረቱን ዕድገት መጉዳቱ፣ የጠፋው ሸክሙ ሲመጠን ነው።

በኋላ የመጡት ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በ2012 የ21 ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመረመረ ትንተና ወጣ። ሽሚያው የታየው ሩጫ ላይ ነው፤ ብስክሌት ላይ አልታየም። የትንፋሽ ልምምዱ ቀናትና ደቂቃዎች በበዙ ቁጥር ደግሞ የጡንቻና የጉልበት ዕድገቱ እየቀነሰ ሄደ። ሩጫ በእያንዳንዱ እርምጃ እግርን ከመሬት ጋር ያጋጫል፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ጫና ይቀበላል። ብስክሌት ይህ የለውም። በማግስቱ ስኳት የሰራ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል።

በ2022 ደግሞ 43 ጥናቶችን የያዘ ሌላ ትንተና ታተመ። ብረትና ካርዲዮ አብረው ሲሰሩ በጡንቻ መጠንም ሆነ በከፍተኛ ጉልበት ላይ የሚታይ ጉዳት አላገኘም። የተጎዳው የፍንዳታ ጉልበት ነው። ይህም መዝለል፣ መወርወር፣ በቅጽበት መነሳትን የሚመለከት ነው። ጉዳቱ በተለይ ጎልቶ የታየው ሁለቱ በአንድ ልምምድ ውስጥ ሲጣመሩ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና በአጉሊ መነጽር የተለኩ የጡንቻ ክሮችን ውጤት ሰብስቦ በዕድገታቸው ላይ ትንሽ መቀነስ አይቷል፤ እሱም ሩጫ ላይ ነው የጎላው። ስለዚህ ሽሚያው ተረት ነው አልልም። አለ። ግን ትንሽ ነው፣ ሁኔታውም የታወቀ ነው።

አንዱን ጥናት ግን ለብቻው መጥቀስ አለብኝ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው። በ2013 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች 10 ወንዶችን ለ5 ሳምንት አሰሩ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ እግሩ ብረት ብቻ፣ በሌላው እግሩ 45 ደቂቃ ገደማ ብስክሌትና ከ6 ሰዓት በኋላ ብረት ሰራ። ያው ሰው፣ ያው ምግብ፣ ያው እንቅልፍ፤ ልዩነቱ እግሩ ብቻ። ብረት ብቻ የሰራው እግር የጭኑ ጡንቻ 8 በመቶ አደገ። ብስክሌት የተጨመረበት እግር 14 በመቶ አደገ። ጊዜው አጭር ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ቢሆንም «ይበላል» የተባለው ነገር ጡንቻውን ሲጨምር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የእኔ ሳምንት

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ትሬድሚሉ ተመለስኩ። መጀመሪያ ላይ ተሳሳትኩ። ሁለት ዓመት የቀረብኝን በሁለት ሳምንት ላካክሰው ፈለግሁ፤ ከእግር ቀን በፊት 30 ደቂቃ ሮጬ ወደ ስኳት ገባሁ። የለመድኩትን ክብደት ማንሳት አቃተኝ። ያኔ ሩጫውን ብተው ኖሮ «አየህ፣ ጡንቻዬን በላው» ብዬ ሌላ ሁለት ዓመት እቀመጥ ነበር። የቀየርኩት ቅደም ተከተሉን ነው።

አሁን ሰኞና ሐሙስ እግር እሰራለሁ። በእነዚያ ቀናት ትሬድሚል ላይ የምወጣው ለማሟሟቅ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ። ማክሰኞና ዓርብ የላይኛውን ሰውነት ሰርቼ ስጨርስ ብስክሌት ላይ እወጣለሁ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ማውራት በምችልበት ፍጥነት። ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ በእግር እወጣለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ጠንከር ያለው ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ረቡዕ ብስክሌት ላይ አደርገዋለሁ፤ አራት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠንክሬ፣ መሃል ላይ እያረፍኩ። ከእግር ቀኖቼ በሁለቱም በኩል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይርቃል። በ2016 የታተመ የራግቢ ተጫዋቾች ጥናት በሁለቱ መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ቢኖር፣ ከተቻለም አንድ ሙሉ ቀን ቢያርፉ እንደሚሻል ያሳያል። ጊዜ የሌለው ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ከሰራ ግን፣ ዓላማው ብረት ከሆነ ብረቱን ያስቀድም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። የእኔ ሳምንት ከዚህ ውስጥ ይገባል። የሂክሰን ሦስተኛ ቡድን ከሠራው የትንፋሽ ልምምድ ጋር ሲተያይ ደግሞ፣ ጠንካራው ከስድስት ቀን ወደ አንድ ቀን ወርዷል።

ከፍታውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚመጣ ወንድማችን እዚያ የለመደውን ፍጥነት እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከሞከረ ትንፋሹ ያጥረዋል። ይህ አቅም ማጣት አይደለም። መፍትሔው ቀስ ብሎ መጀመር ነው።

የጾሙ ነገር ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙ ወንድሞቼ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትተው፣ በቀን አንዴ በልተው፣ ብረትና ሩጫ ይሰራሉ። ፋሲካ ሲደርስ ቀንሰዋል። ጥፋቱን ለካርዲዮ ይሰጡታል። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ኃይል ካነሰ፣ ፕሮቲኑም ካልበቃ፣ ቢሮጡም ባይሮጡም ይቀንሳል። የሚጾም ሰው ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን በደንብ ይብላ፤ ኦቾሎኒም አለ። በእነዚያ ሳምንታት ጠንካራውን የብስክሌት ቀን እኔ ራሴ እተወዋለሁ፤ በእግር መሄዱን ብቻ እይዛለሁ። ጾሙ ሲያልቅ እመልሰዋለሁ።

ቦርጭ ለማጥፋት የሚሮጡትን ደግሞ ልለምናቸው። ብረቱን አትተዉ። ክብደት በሚቀንስበት ጊዜ ጡንቻን ይዞ የሚያቆየው ብረት ነው። ሩጫው የተቃጠለውን ኃይል ይጨምራል፣ ልብንም ያጠነክራል፤ ጡንቻ እንዲጠብቅላችሁ ግን አትጠብቁበት።

ሽሚያው በእርግጥ የሚያሳስባቸው ሰዎች አሉ። በውድድር ክብደት የሚያነሱ፣ የአጭር ርቀት ሯጮች፣ ከፍታና ርዝመት ዘላዮች። ለእነሱ የፍንዳታ ጉልበት ሕይወታቸው ነው። ከውድድር በፊት ባሉት ሳምንታት ረጅም ሩጫ ቢቀንሱ ትክክል ናቸው። ትሬድሚሉን ዞር ብሎ የማያየው የእኛ ጂም ልጅ ግን ከእነሱ አንዱ አይደለም። ባለፈው ሰሞን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ለምን ብስክሌት ላይ እንደምወጣ ጠየቀኝ። የሂክሰንን ሳምንት ቆጠርኩለት። አሥራ አንድ ልምምድ ስለው «በሳምንት?» አለኝ። «በሳምንት» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔ እኮ አራት ነው የምሰራው» አለ።

የምሰራውን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ የስኳቱን ክብደት፣ የብስክሌቱን ደቂቃ፣ ጠዋት ስነቃ የልቤን ምት። አሁን በዚህ ፕሮግራም ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ስኳቴ ሩጫ ትቼ በነበረበት ጊዜ ከደረሰበት 5 ኪሎ ጨምሯል፤ አምስተኛ ፎቅም እያወራሁ እወጣለሁ። የሂክሰን ሰዎች የቆሙት ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ስምንተኛውን ሳምንት ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ያን ሰኞ ስኳቴ ከቀነሰ መጀመሪያ የምነካው የረቡዑን ብስክሌት ነው፤ ከአራቱ ዙር ሁለቱን አወጣለሁ።